የሁለት ሰው እናት በአንድ ፍሬም

ስጦታ ድሮ ቀላል ነበር። በግ ነበራ! ይጎተታል፣ ይታረዳል፣ ይበላል፤ አለቀ። ተቀባዩ «የት ልስቀለው?» ብሎ አይጨነቅም፤ ሰጪውም በሌላ ጊዜ ሲመጣ «የኔን ስጦታ የት ጣሉት?» እያለ ግድግዳ ለግድግዳ ዓይኑን አያንከራትትም። ቀጥሎ የጋቢ ዘመን መጣ። በኛ በባሌ ብርድ ጋቢ ይሰለቻል ብሎ የሚያስብ የለም፤ ይሁን እንጂ ጡረታ ሲወጣ ስምንተኛ ጋቢውን ያለበስነው አንድ ባልደረባ ነበረኝ። መድረክ ላይ እንባው ዱብ ዱብ ሲል ደስታ መስሎን ቆመን አጨበጨብንለት። ከዚያ የግድግዳ ሰዓት ነገሠ። ከዚያ ቴርሞስ። አንድ ዓመት መቼም ምን እንደነካን እንጃ፣ ሮቤ ውስጥ ሠርግ በተጠራሁበት ቤት ሁሉ ሙሽሮች በቴርሞስ ታጥረው ተቀምጠው አይቻለሁ።

አሁን ፋሽኑ ሌላ ነው። ሠርግም ይሁን፣ የቤት ምርቃትም ይሁን፣ የተዛወረ አለቃ ሽኝትም ይሁን፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚመጣው አራት ማዕዘን ነገር ያው ነው፤ ፍሬም ውስጥ የገባ የድሮ ከተማ ፎቶ። ጥቁርና ነጭ። ቆርቆሮ ቤት፣ ባሕር ዛፍ፣ አንድ አህያ፣ ካሜራውን እንደ ጠመንጃ የሚፈሩ አምስት ስድስት ሰዎች። ከሥሩ በወርቅማ ቀለም «ጎባ ድሮ»።

«ሮቤ ድሮ» የሚል አይቼ አላውቅም። ሮቤዎች አትቀየሙኝ፤ እኔም ቤቴ እዚያው ሮቤ ነው። ግን ካነሳነው አይቀር፣ ጎባ የክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሆና መብራት ስታበራ ሮቤ ስንዴ ነበረች። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ ሕንፃው፣ ባንኩ፣ ግርግሩ ወደ ሮቤ ወርዷል። እግዜር ሲያካፍል ለሮቤ ዛሬን፣ ለጎባ ድሮን የሰጠ ይመስለኛል። ስለዚህ ሮቤ ከዛሬዋ ያተረፈችውን ይዛ የጎባን ድሮ ትሸምታለች። በመካከላቸው ያለው ደግሞ የአጭር ሚኒባስ መንገድ ነው፤ ትዝታ ለማመላለስ አይከብድም።

የሚገርመኝ ግን ይህ አይደለም። የሚገርመኝ፣ አሮጌውን ቤት በዶዘር ያፈረስንም እኛ፣ ፎቶውን በፍሬም የሰቀልንም እኛው መሆናችን ነው። ቤቱ ቆሞ ሳለ «ይህ ቆሻሻ መቼ ነው የሚነሳልን?» ስንል የነበርን ሰዎች፣ ዛሬ በፎቶው ፊት አንገታችንን ዘንበል አድርገን «አይ ያ ጊዜ!» እንላለን። እኔ ራሴ ብያለሁ።

እንግዲህ እኔንም ጉድ ያደረገኝ ይኸው ፋሽን ነው።

አማቴ እማማ በላይነሽ ጎባ ይኖራሉ። አባታቸው ከሸዋ በጸሐፊነት ተመድበው የመጡ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት፣ ወልደው፣ ድረው የኳሉትም እዚያው ጎባ ነው። ባለፈው ዓመት እኔና ባለቤቴ ሰላማዊት ቤታቸውን አሳደስንላቸው። ግድግዳው ቀለም ተቀባና ባዶነቱ ዓይን ይወጋ ጀመር። «አንድ ነገር ይሰቀልበት» አለች ሰላማዊት። የባለቤት ትዕዛዝ ነውና ሮቤ ወደሚገኘው ወደ ጀማል ፍሬም ቤት ሄድኩ። ጀማል አንድ ያረጀ ፎቶ ቤት ሲዘጋ ከወራሾቹ ሙሉ ካርቶን የድሮ ፎቶ ገዝቶ፣ እያሳደገ እያተመ የሚሸጥ፣ ምላሱ ከእጁ የማያንስ ባለሙያ ነው። ተማሪዬ ስለነበረ «መምህር» እያለ የማይሆነውን ሁሉ ይሸጥልኛል።

የመረጥኩት የገበያ ፎቶ ነበር። መሐል ላይ አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች። ራሷን በሻሽ አስራ ነጠላ ደርባለች፤ በቀኝ እጇ ቅቤ የሚያዝበትን ዓይነት ቅል በጠፍሩ አንጠልጥላ፣ በግራ መዳፏ ፀሐይዋን እየከለለች ቀጥ ብላ ታያችኋለች። ፊቷ ገሚሱ ጥላ ነው። ከኋላዋ አህያ አለ። ከሥሩ «ጎባ ድሮ»። ጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ ዕድሜዬን ስለጨረስኩ ቦታ መለየት የምችል ይመስለኛል። «ይቺማ ጎባ ናት» አልኩ። ጀማልም «ታዲያስ!» አለኝ። ነጋዴና ገዢ እንዲህ ሲስማሙ መጠርጠር ነበረብኝ።

እማማ በላይነሽ መጠቅለያውን «ለሌላ ይሆናል» ብለው ሳይቀድዱ ቀስ አድርገው ፈቱት። መነጽራቸውን አጠለቁ። አዩ። ፍሬሙን ወደ ብርሃን አዞሩት። «አልወደዱትም እንዴ እማማ?» አልኩ።

«ይቺ እናቴ ናት» አሉ።

ሰላማዊት ስቃ ልትመልስላቸው አፏን ከፍታ የእናቷን ፊት ስታይ ዘጋችው።

እማማ በላይነሽ እናታቸውን ያጡት በስድስት ዓመታቸው ነው። ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ፎቶ እንዳልነበራቸውም እናውቃለን። ያን ቀን የሰማነው ግን አዲስ ነበር። «መልኳን በዓይኔ አስቀምጬው ነበር» አሉ፤ «ማታ ማታ አውጥቼ አየው ነበር። ተዳርኩ፣ ወለድኩ፣ ሥራ በዛ። አንድ ቀን ስፈልገው የለም። ለማን ይነገራል ይህ? እናቴን ረሳኋት ይባላል?» ከዚያ ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ አሳረፉ። «እጇን እዩ። ግራኝ ነበረች። በዚሁ እጇ ነበር የምትቆነጥጠኝ።»

ሰላማዊት ከእንባዋ ጋር አቅፋኝ «ምን ዓይነት ስጦታ ነው የሰጠሃት!» አለችኝ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ደረቴን ነፋ አደረግኩ። የጋብቻዬ ዘመን ሁሉ ለአማቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰጥቼ አላውቅም።

ኩራቴ ያደረው አንድ ሌሊት ነው።

በማግሥቱ ጎረቤታቸው አዴ ኬሪያ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊሏቸው መጡ። አዴ ኬሪያ ከጊኒር ወደ ጎባ ተድረው የመጡ፣ ገበያ ውስጥ የቅመም ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው። ከእማማ በላይነሽ ጋር አርባ ዓመት አጥር ተጋርተዋል። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ አርሳለች፤ አንዷ ባሏን ስትቀብር ሌላዋ ሐዘን ተቀምጣለች። ለፋሲካ እማማ በላይነሽ ሁለት በግ ነው የሚገዙት፤ አንዱን የአዴ ኬሪያ ልጅ ቢስሚላህ ብሎ ያርደዋል፣ በተለየ ድስት ይሠራል። ለአረፋም እንዲሁ፣ በተራቸው አዴ ኬሪያ አንዱን ለእማማ በላይነሽ ከነነፍሱ በአጥር ያሻግሩላቸዋል። ይህን ማንም እንዲህ አድርጉ ብሎ አላስተማራቸውም።

አዴ ኬሪያ ገቡና ግድግዳውን አዩ። የያዙት ዘንቢል ከእጃቸው ወረደ።

«ሀዳ ኮ!» አሉ፤ እናቴ ማለታቸው ነው። «በላይነሽ፣ እናቴን ከየት አመጣሻት?»

በመጀመሪያ ተሳሳቁ። እማማ በላይነሽ ሻሿን፣ ቁመናዋን፣ ግራ እጇን አስረዱ። አዴ ኬሪያ ቅሉን አሳዩ። እናታቸው ከጊኒር በኩል ቅቤ በዚያ ዓይነት ቅል እያመጡ ጎባ ገበያ ይሸጡ ነበር፤ ሻሻቸውንም የሚቋጥሩት ልክ እንዲያ ነው፤ የሞቱት በወሊድ ነው፤ ፎቶ የላቸውም። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ፈገግታዬ ፊቴ ላይ እየደረቀ ሲሄድ ይሰማኛል።

«ኬሪያዬ፣ አንቺ ያኔ አራት ዓመትሽ አይደለም? ምን ታስታውሻለሽ?»

«አንቺስ በስድስት ዓመትሽ አዋቂ ነበርሽ? ወላሂ እናቴ ናት!»

«እናቴን ከግድግዳዬ ላይ ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽው?»

አርባ ዓመት ጎረቤት የኖሩ ሰዎች የሌላውን የሚያመውን ቦታ ያውቃሉ። ስለሚያውቁም ዘወር እያሉ ያልፉታል። ያን ቀን ግን አዴ ኬሪያ ዘንቢላቸውን አንስተው በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «የናንተ ሰው ቅቤ ይገዛል እንጂ መቼ ይሸጣል?» አሉ። «ቅሉን እንኳ እዪው እንጂ።»

ወጡ።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። መንግሥት ሲለዋወጥ ያልተለያዩ፣ የሰፈሩ ሰው በየጎራው ሲቧደን በአጥር ላይ ጨው ሲቀባበሉ የኖሩ ሁለት ሴቶች በእኔ ስጦታ ተለያዩ። ፋሲካ ደረሰ፤ እማማ በላይነሽ እንደ ልማዳቸው ሁለት በግ ገዙ። አንደኛው ሳይታረድ ቀረ። አዴ ኬሪያ «ሆዴን አሞኛል» ብለው ላኩ። በጉ ለወራት ጓሮ ውስጥ እየጮኸ ከረመ፤ በጮኸ ቁጥር እማማ በላይነሽ ወደ አጥሩ ያያሉ፣ እኔ ወደ መሬት አያለሁ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔም ቸኮልኩ። ጭንቅላቴ ውስጥ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ጠቡ በአንድ ፎቶ ከሆነ ሁለት ይሁን! ጀማል ዘንድ ሄጄ ያንኑ ፎቶ በዚያው ልክ አሳተምኩ፣ እንዲያውም ፍሬሙን ትንሽ አሳመርኩት፣ አዴ ኬሪያ ሱቅ ይዤ ሄድኩ።

«ይህ ምንድነው ልጄ?»

«የእናትዎ ፎቶ ነው። እማማም አላቸው፤ እርስዎም ይኑርዎት ብዬ ነው።»

ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ዓይናቸው ረጠበ። ተሳካልኝ ስል ቀና አሉ።

«በላይነሽ ግድግዳ ላይ ያለችውስ ማን ናት?»

እኔ የቅመሙን ከረጢቶች መቁጠር ጀመርኩ።

«እናቴ እኔ ቤት እናቴ፣ አጥር ስትሻገር የሰው እናት ትሆናለች? አንተ አስተማሪ አይደለህም? ይህን ነው ልጆቻችንን ስታስተምር የኖርከው?»

ተናግረው ሲያበቁ ፎቶውን በነጠላ ጠቅልለው ከጀርባቸው አኖሩት። አልመለሱልኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ወሬው ከኔ ቀድሞ አማቴ ሰፈር ደርሶ ኖሮ፣ እማማ በላይነሽ ገና በሩን ሳልፍ «እናቴን አባዝተህ ሰጠሃት አሉ?» ብለው ተቀበሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኔ ላይ የሚወጣው ወጥ እያነሰ መሄዱን የታዘብኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሰላማዊትም ታዝባለች።

መጨረሻ ላይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የጀማልን ካርቶን እናስፈትሽ፣ ዋናውን ፎቶ እናግኝ፣ ፊቱን ብቻ እናሳድገው፤ ምናልባት ጠባሳ ወይም ንቅሳት ይገኝ ይሆናል። ጀማል ግማሽ ቀን ፈልጎ አወጣው፤ የመዳፍ ያህል ነው፣ ወፍራም የአልበም ወረቀት ላይ ተለጥፏል። በእርጥብ ጨርቅ እያባበለ ላጠው። ገለበጠው። ካየው በኋላ እንደገና ገለበጠውና ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኛው።

«ምንድነው ጀማል?»

«ምንም።»

ነጥቄ አየሁት። ጀርባው ላይ፣ ጥንቁቅ ሰው በጻፈው የእርሳስ ጽሑፍ፣ «አሰላ ገበያ» ይላል።

አሰላ! አርሲ! ጎባ አይደለም፣ ባሌም አይደለም። ቀና ብዬ ጀማልን አየሁት።

«መምህር» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የድሮ ከተማ ሁሉ ያው ነው። ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍ፣ አህያ። እርስዎም 'ይቺማ ጎባ ናት' ብለውኝ የለም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው እኔ አላየሁም፤ እርስዎም አላዩም።»

መስማት ነበረብኝ። ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ ካርታ ላይ ጎባን ሮቤ ቦታ ያስቀመጠ ተማሪ ስጥል የኖርኩ ሰው ነኝ። ደግሞም ሂሳቡ ግልጽ ነበር፤ ሴትዮዋ የአንዷ እናት ከሆነች ሌላዋ ታዝናለች፣ የማንም ካልሆነች ግን ጠቡ መሠረት የለውም፤ ተቃቅፈው አልቅሰው ይታረቃሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አልኩ ለራሴ። የሚጠራው በማን ራስ ላይ እንደሆነ ተረቱ አይናገርም።

ለሁለቱም ለየብቻ «ስለ እናትዎ የተገኘ ነገር አለ» ብዬ ነገርኳቸው። አዴ ኬሪያ ለወራት ያልረገጡትን ደጅ ለእናታቸው ሲሉ ረገጡ። እማማ በላይነሽ «ግቢ» አሉ፤ «እንደምን አለሽ» ግን የለም። አንዷ በመስኮቱ በኩል፣ ሌላዋ በበሩ በኩል ተቀመጡ። እኔ በመካከላቸው ቆምኩ፤ ልክ እንደ ክፍል።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ፎቶው የጎባ እንዳልሆነ፣ ስህተቱ የኔም የጀማልም እንደሆነ፣ ከተማው አሰላ እንደሆነ። ዋናውንም አውጥቼ ጀርባውን አሳየኋቸው። ከዚያ እጄን አጣምሬ ልቅሶውን ጠበቅኩ።

አዴ ኬሪያ ወረቀቱን አየት አድርገው መለሱልኝ።

«እና?»

«እናማ... አዴ ኬሪያ፣ እናትዎ ቅቤ የሚሸጡት ጎባ ነበር አላሉኝም? ይህ አሰላ ነው።»

«ሰምቻለሁ። እናቴ አሰላ ሄዳ አታውቅም ያለህ ማነው?»

እርዳታ ፍለጋ ወደ አማቴ ዞርኩ። አማቴ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ ነው።

«የኔዋስ ብትሆን» አሉ፣ «እግር አልነበራትም?»

«እማማ፣ እኔ ያልኩት...»

«አንተ ያልከውን ሰማን። ሰው የእናትን ፊት ያያል እንጂ ጀርባዋን ይገለብጣል?»

«ነውር ነው!» አሉ አዴ ኬሪያ፤ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እማማ በላይነሽ ዞረው።

«በይው እንጂ! አስተማሪ ነኝ እያለ!»

«እኔም ሱቅ ድረስ መጥቶ አባዝቼ አመጣሁልዎት አለኝ እኮ!»

«እንደ ፈተና ወረቀት!»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ቁጭ ለማለት ወንበር ፈለግኩ፤ ማንም አላቀረበልኝም። ፎቶው ከግድግዳ ወርዶ እማማ በላይነሽ ጉልበት ላይ ተቀመጠ። አዴ ኬሪያ ወንበራቸውን እየሳቡ ተጠጉ።

«ቅቤ አሰላ ይወደድ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ አዴ ኬሪያ።

«በዲንሾ ነው መንገዱ። በቅሎ ካለ...»

«ብርዱስ? ያን ሁሉ አገር ሴት ብቻዋን ትሄዳለች?»

«ብቻዋን ማን ይሄዳል? ጓደኛ ይዛ ነው እንጂ።»

ይህን ብለው እማማ በላይነሽ ቆም አሉ። ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ኬሪያ» አሉ፣ «ከአህያው ጀርባ ያለችው ማን ናት?»

እኔም አንገቴን አሰገግኩ። እውነትም ከአህያው ጭነት ጀርባ የነጠላ ጫፍና ግማሽ ትከሻ ይታያል፤ ፊት የለውም። ያን ፎቶ ገዝቼዋለሁ፣ አባዝቼዋለሁ፣ ላስመረምረው ተሯሩጫለሁ። አንድም ቀን አላየኋትም።

አዴ ኬሪያ ጣታቸውን ግማሿ ትከሻ ላይ አሳረፉ።

«የኔዋ ይቺ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ዓይነ አፋር ነበረች ይላሉ። ከሰው ፊት አትቆምም።»

እማማ በላይነሽ ቀና ብለው አዩዋቸው። አንዲት ሴት ሕይወቷን ሙሉ የፈለገችውን ፊት ለጎረቤቷ ሰጥታ ለራሷ ትከሻ ስታስቀር ማየት ቀላል አይደለም።

«የለም!» አሉ እማማ በላይነሽ። «የፊተኛዋ ያንቺ ናት። ቅሉ አለ አይደለም? እኛ መቼ ቅቤ ሸጠን እናውቃለን!»

«ግራ እጇስ? ግራኝ ናት አላልሽም?»

«ፀሐይ የመጣበት ሰው በየትኛውም እጁ ይከልላል!»

«በላይነሽ፣ የኔዋ የኋለኛዋ ናት አልኩሽ!»

«ኬሪያ፣ እናትሽን ከአህያ ጀርባ አቁሜ የኔን ፊት ለፊት ላቆም? ምን በደልኩሽ?»

ድምፃቸው ከፍ አለ። ከበፊቱ የባሰ ጠብ ሊነሳ ነው ብዬ «ፊተኛዋ የሁለታችሁም...» ከማለቴ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዞረው «አንተ ዝም በል!» አሉኝ። ጓሮ ያለው በግ ጮኸ። አዴ ኬሪያ «እስካሁን አላረዳችሁትም?» ብለው ጠየቁ፤ እማማ በላይነሽ «ማን ያርደዋል?» አሉ። ከዚያ ወዲያ የእኔ እዚያ መኖር ለማንም አላስፈለገም። ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

ሮቤ ስደርስ ፀሐይዋ ገና አልገባችም። ሰላማዊት በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።

«እህ፣ ታረቁ?»

«ታረቁ።»

«ተመስገን! በምን ተስማሙ?»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጥቂት አሰብኩ።

«በኔ» አልኳት።